ለዩኒቨርሲቲም ለቤትም

ለሚመለከተው ሁሉ፦

ቤተሰባችን በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ባካሄደው አስቸኳይ ስብሰባ አንድ ላፕቶፕ እንዲገዛ፣ የሚገዛውም ላፕቶፕ ለዩኒቨርሲቲም ለቤትም እኩል የሚያገለግል እንዲሆን፣ በሦስት የድጋፍ ድምፅና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ መወሰኑን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ። ድምፀ ተአቅቦ ያደረገችው እናቴ ናት፤ እጇ ሽንኩርት ላይ ስለነበር ማውጣት አልቻለችም። እኔ ሁለቱንም እጆቼን አውጥቻለሁ፤ የተቆጠረልኝ ግን አንዱ ብቻ ነው።

ውሳኔው ከተላለፈ ሃያ ሦስት ዓመት ሆነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እህቴ ሕግ ልትማር ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ገና ትምህርት ሳይጀመር ከሰው ሁሉ ጋር መከራከር ጀምራ ነበር። በሩን ዝጊ ብትባል «ማን ከፈተው የሚለው መጀመሪያ ይጣራ» የምትል ሰው ናት። ቤት ውስጥ «ጠበቃዋ» እንላት ነበር። እኔን አባቴ «ጉርዴ» ይለኝ ነበር፤ ከጉርድ እርሳስ ነው። ተቀርጾ ተቀርጾ ከጣት ያጠረ፣ ግን ልጣልህ ቢሉት አንጀት የሚበላ እርሳስ አለ አይደል፤ እኔ እሱን ነበርኩ።

«ለዩኒቨርሲቲም ለቤትም» የሚለው አነጋገር የአባቴ ነው። ሁላችንም ወደድነው፤ ሁላችንም የየራሳችንን ነገር ሰማንበት። ጠበቃዋ የሰማችው ቀላል፣ ባትሪው የሚቆይ፣ ቅዳሜና እሁድ ወደ ቤት ስትመላለስ በሁለት አውቶቡስና በአራት ፎቅ ደረጃ ተሸክማው የምትወጣው ነገር ነው። እኔ የሰማሁት «ለቤትም» የሚለውን ብቻ ነው፤ ቤት ማለት እኔ፣ እኔ ማለት ፊልም። አባቴ ደግሞ ስክሪኑ ሰፊ ይሁን አለ። ስለ ሌላው አልጠየቀም። ስለ ፍጥነቱም፣ ስለ ባትሪውም፣ ስለ ቀለሙም ምንም። ሰፊ ይሁን፣ በቃ።

«የእግር ኳስ ሜዳ ልታስገባ ነው እንዴ፣ አባዬ?» አለችው ጠበቃዋ።

«ሜዳው ከገባ ተጫዋቾቹ አይጠፉም» አላት።

እናቴ ያኔ ከሽንኩርቱ ቀና ብላ አየችው። ሽንኩርት ነው ያስለቀሳት ብዬ አለፍኩት።

አባቴ የማተሚያ ቤት አራሚ ነበር። ጽሑፍ በብዛት ከመታተሙ በፊት ፊደል ለቃሚው ይደረድረዋል፣ አንድ ቅጂም ለሙከራ ይወጣል፤ ፕሩፍ ይሉታል። የአራሚ ሥራ ፕሩፉን ደንበኛው ካመጣው ረቂቅ ጋር እያስተያዩ ስህተት መልቀም ነው። ደንቡ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ረቂቁን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ዓይኑን ከፕሩፉ ሳይነቅል ይከተላል። አንባቢው ቃሉን ብቻ ሳይሆን ምልክቱንም ይጠራል፦ «ከምግብ በኋላ ነጠላ ሰረዝ በቀን ሁለት ጊዜ ይወሰዳል አራት ነጥብ» እያለ። ሁለት አራሚዎች ሲጣሉ እንኳ «አንተ ነጠላ ሰረዝ ባለጌ ቃለ አጋኖ» ይባባላሉ ይባላል። አባቴ አይቼ አላውቅም ቢልም አልካደም።

እኛ ቤት ግን ነገሩ ጨዋታ ነበር። አባቴ ከሰዓት በኋላ አቃፊውን በብብቱ ይዞ ይመጣል፣ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። እኔ መጀመሪያ ረቂቁን አነባለሁ፤ ነጠላ ሰረዙን፣ አራት ነጥቡን፣ ሁሉንም። ሲያልቅ ፕሩፉን አነባለሁ። እሱ ገጹን በሙሉ በጭንቅላቱ ይዞት ቁጭ ብሏል።

«ቆይ» ይላል። «ከ‹ይወሰዳል› በፊት አንድ ቃል ጎደለ።»

ወደ ረቂቁ እመለሳለሁ። እውነት ነው፣ ጎድሏል። በቀይ እስክሪብቶ ባስተማረኝ ምልክት ዳር ላይ አስገባዋለሁ። መጨረሻ ላይ «ጣትሽን» ይለኛል። ጣቴን የፊርማው ቦታ ላይ አደርጋለሁ፤ እሱ ጣቴን ነክቶ ከጎኑ ይፈርማል። በዓለም ላይ ጣቷ የፊርማ ቦታ የሆነላት ልጅ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ክፍል ውስጥ ጉራ ነዝቻለሁ። አንዲት ልጅ «አባትሽ መፈረሚያው አይታየውም እንዴ?» ብትለኝ ጸጉሯን ጎተትኩት።

አይታየውም ነበር። የዓይኑ መሃል ጠፍቶ ዳር ዳሩ ነው የቀረው። በር ያያል፣ ጠረጴዛ ያያል፣ ሰው መምጣቱን ያያል፤ ፊደልና ፊት ግን አያይም። ሰውን በጎን የሚያየው፣ ጎረቤቱ ሁሉ «ያ ኩራተኛ» የሚለው ለዚህ ነበር። ሐኪሙ ከነገረው ሁለት ዓመት አልፎት ነበር፤ የምታውቀው እናቴ ብቻ ናት። ዓይኑ ያልቃል፣ መቼ እንደሚያልቅ አይታወቅም ተብሏል። ማተሚያ ቤቱ ካወቀ ደግሞ ዓይን የሌለው አራሚ ጥርስ የሌለው መጋዝ ነው፤ በማግስቱ ይሸኙታል። አሥራ አንድ ዓመት ስህተት አሳልፎ ስለማያውቅ፣ «ቤት ጸጥታ አለ፣ እዚያ ይሻለኛል» ሲል ፎርማኑ አልተከራከረውም፤ ሁለተኛው ሰው ማን እንደሆነም አልጠየቀውም። አባቴ እናቴን የለመናት የአራት ዓመት ዝምታ ነው። «እሷ እስክትመረቅ ብቻ» ብሏታል፤ «ከዚያ እኔው ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

ያገኘው ሁለት ወር ነው።

ላፕቶፑ የሚገዛበት ቅዳሜ ሱቁ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል ተባልን። እኔ ከንጋት ጀምሮ ጫማዬን አድርጌ ተቀምጬአለሁ። አባቴ ግን አንድ ሥራ ይዞ መጥቷል፦ የሳል ሽሮፕ ሣጥን ውስጥ ታጥፎ የሚገባ መግለጫ፤ ከቀትር በፊት ማተሚያ ቤት መድረስ አለበት። እናቴና ጠበቃዋ ተዘጋጅተው በር ላይ ቆመዋል።

ረቂቁን አነበብኩ። በታይፕ የተጻፈ፣ ሰፋ ያለ፣ እንደ ውሃ የሚወርድ ነበር። ፕሩፉን ስገልጥ ፊደሉ የጉንዳን ሰልፍ ነው። በሁለቱም በኩል ሞልቶ፣ ታጥፎ፣ ደቆ። ቀና ብዬ ሰዓቱን አየሁ። አባቴን አየሁት፤ ዓይኑን ጨፍኗል።

ያኔ አንድ ዘዴ መጣልኝ። ለምን ቀድሞ እንዳልመጣልኝ ገርሞኝ ነበር።

ረቂቁን እንደገና አነበብኩት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ነጠላ ሰረዙንም አራት ነጥቡንም፣ ድምፄን ትንሽ ደከም አድርጌ፤ ፕሩፍ ሲነበብ ድምፄ እንደሚደክም አውቅ ነበርና። አንድም «ቆይ» የለም። አንድም ቀይ ምልክት የለም። ሁለቱ ንባቦች እንደ ሁለት ጫማ ገጠሙ።

«ንጹህ ነው» አለ አባቴ። «ጣትሽን።»

ጣቴን ፕሩፉ ላይ አደረግኩ። ፈረመ።

በመንገዳችን ማተሚያ ቤቱ በር ላይ አቃፊውን ለዘበኛው ሰጠነው። እኔ ከሁሉም ፊት እየሮጥኩ ነበር።

የሱቁ ልጅ ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ፣ ምላሱ የማያርፍ፣ በሬ ወለደ ቢል ጥጃውን ከጓዳ አምጥቶ የሚያሳይ ዓይነት ነበር። ሁለት ላፕቶፕ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን ከፈተልን።

«ይሄ ፎቅ ነው፣ ጋሼ» አለ በትልቁ ላይ መዳፉን አሳርፎ። «ይሄኛው ደግሞ ላባ። ፎቅ ይሻላል ላባ? እንደ ሰዉ ነው።»

«ለዩኒቨርሲቲም ለቤትም ነው» አልኩት።

«አንቺ ነሽ ዩኒቨርሲቲ የምትገቢው?»

«እኔ ቤት ነኝ።»

አባቴ ወደ ትልቁ ጠጋ አለ። «ፊደሉ ምን ያህል ያድጋል?» ሲል ጠየቀ።

«እንዴት ማለት፣ ጋሼ?»

«ላሳድገው ብል። እስከ ምን ይደርሳል?»

ልጁ ሳቀ። «ካሻዎት አንድ ፊደል ብቻ ስክሪኑን ይሞላልዎታል። ማዶ ያለው ጎረቤትዎ ቤቱ ተቀምጦ ያነበዋል።» ቁልፎቹን ነካ ነካ አደረገና «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ ጻፈ፤ ከዚያ አሳደገው፣ አሳደገው፣ ፊደሎቹ እንደ ግድግዳ ቆሙ።

አባቴ ጎንበስ አለ። ጉንጩን ስክሪኑ ሊነካ እስኪደርስ አስጠጋው፣ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ላፕቶፑን የሚያዳምጠው መሰለኝ። ለልጁም የመሰለው እንደዚያ ነው፤ «ማራገቢያው ነው ጋሼ፣ ድምፁ ጤነኛ ነው» አለው።

«እንኳን» አለ አባቴ። «ደህና። መጡ።» ትንሽ ቆየና «ይሄንን በግምትም እለዋለሁ። የማላውቀውን ጻፍልኝ» አለ።

ልጁ በዓይኑ ጠቀሰኝና ጻፈ። አባቴ እንደገና ጎነበሰ። ጉንጩ ላይ የስክሪኑ ሰማያዊ ብርሃን አረፈ።

«የተሸጠ... ዕቃ...» አለ፤ «አይመለስም።»

ከዚያ ቀና ብሎ ሳቀ። ጥርሱ እስኪታይ፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ። አባቴ እንደዚያ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለ እንደገና፣ ለእናቴ። እናቴ የቦርሳዋን ማንገቻ በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማለች። ሦስት ተራ ቃል አንብቦ እንደዚያ መደሰቱ አሳፈረኝ። ማንበብ እንደሚችል ለሱቁ ልጅ ሊያሳይ የፈለገ መሰለኝ፤ በሙያው አራሚ መሆኑን ልነግረው ፈልጌ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር በራሱ አላነበበም። እኔ ያየሁት ባንኮኒ ላይ ተደፍቶ የሚስቅ ሰው ነው።

«አባዬ፣ ሰው እያየን ነው» አለች ጠበቃዋ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ከዚያ ትልቁን በሁለት እጇ አነሳችው። ቀጭን ነበረች፤ ወገቧ ተለመጠ። ቦርሳ ውስጥ ከትታ ትከሻዋ ላይ ሰቀለችው፣ ሁለት ርምጃ ሄደች፣ ተመለሰች።

«ይሄ ላፕቶፕ አይደለም፣ የወፍጮ ድንጋይ ነው» አለች። «ሁለት አውቶቡስ አለ። አራት ፎቅ አለ። ባትሪው አንድ ክፍለ ጊዜ አይጨርስም፤ ሶኬት ፍለጋ ግድግዳ ስታከክ ልኖር ነው?»

«ትለምጅዋለሽ» አለ አባቴ።

«ለቤትም ተባለ እንጂ ለቤት ብቻ አልተባለም። ፊልም ቴሌቪዥን ላይም ይታያል። ምን ልታይበት ነው፣ አባዬ? አንድ ምክንያት ስጠኝና ልሸከመው።»

አባቴ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

«አንድ ምክንያት» አለች። ድምጿ ተሰብሮ ነበር። ፈርታ እንደነበር አሁን ይገባኛል፤ ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው አልነበረም፤ ገና በመጀመሪያው ቀን ድንጋይ ተሸክማ መታየት አልፈለገችም።

«ልጄ፣ አባትሽ እኮ...» ብላ ጀመረች እናቴ።

«ተይ» አላት አባቴ።

አባቴ ትልቁ ላፕቶፕ ላይ እጁን አሳረፈ፣ ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰው፣ ከዚያ እጁን ወደ ኪሱ መለሰ።

«ትንሹን ጠቅልልልን» አለ።

ጠበቃዋ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እኔ ሲኒማዬ ስለፈረሰብኝ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የሱቁ ልጅ ሊያባብለኝ ካርቶን ላይ ይለጥፉት የነበረ አንድ ክብ ወረቀት ግንባሬ ላይ ለጠፈልኝ፤ ምን እንደሚል አላየሁም። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ሄደ። ሊያባብለኝ መሰለኝ፤ ትከሻዬን አሸሸሁት። ከመንገዱ ጠርዝ ላይ እግሩ ሳተና ተንገዳገደ። «ሰው ሲያኮርፍ ቦታ ይመርጣል፣ ጉርዴ» አለኝ።

ለብዙ ዓመት ራሴን የማጽናናበት አንድ ነገር ነበረኝ፦ ትልቁን ብንገዛ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር፣ አባዬ ፕሩፉን ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቶ፣ አሳድጎ ራሱ ያነበው ነበር፣ ጥፋቱ የጠበቃዋ ትከሻ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነው ያሰላሁት። መግለጫው ሱቅ ከመግባታችን በፊት ተፈርሞ፣ ተሰጥቶ፣ አልቆ ነበር።

ጠበቃዋ ላባዋን ይዛ ሄደች። እኔ ዘዴዬን ሁለት ጊዜ ደገምኩት፤ አንዱ የሒሳብ ፈተና ነበር፣ አንዱ የሠርግ ጥሪ ካርድ። ፈተናውን ተማሪዎቹ ወድቀውታል፤ ለነገሩ ያለ እኔም ይወድቁት ነበር። ሙሽሮቹ ግን ተጋብተዋል።

ሰዎቹ የመጡት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት፤ አንደኛው ወንድ ፎርማኑ ነው፣ ሁለቱን አላውቃቸውም። ጠበቃዋ ለአጭር ዕረፍት መጥታ ስለነበር ላፕቶፑ ቤት ነው። ፊታቸውን ሳየው ሊወስዱብን የመጡ መሰለኝ፤ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም የተባለውን አስታወስኩና ሮጬ ሶፋው ላይ አስቀምጬ ተቀመጥኩበት። ስብሰባውን በሙሉ የተከታተልኩት ላፕቶፕ ላይ ተቀምጬ ነው። ይሞቅ ነበር።

ሴትየዋ የሳል ሽሮፑን መግለጫ ረቂቅና ፕሩፍ ጠረጴዛው ላይ አደረገች። «መስመሩ ረቂቁ ላይ አለ» አለች። «ፕሩፉ ላይ የለም። ፊደል ለቃሚው ዘሎታል። ፊርማው የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«አንብበውታል?»

«ፈርሜያለሁ።»

«አነበቡት ወይ ነው ያልኩት።»

«ፈርሜያለሁ አልኩዎ።»

ፎርማኑ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያሽከረክራል። «እሱ እኮ አሥራ አንድ ዓመት...» አለ፤ ማንም አልሰማውም።

«በደንቡ ሁለት ሰው ነው የሚያርመው» አለ የማላውቀው ሰውዬ። «ማን ነው ያነበበልዎት?»

«ማንም።»

እዚህ ላይ ነው የተቆጣሁት። አባቴ ዋሸ፤ የዋሸውም እኔን ለመሠረዝ ነው። ስንት ከሰዓት በኋላ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አንብቤ፣ ጣቴ የፊርማ ቦታ ሆና፣ እንግዳ ፊት ሲሆን «ማንም» እባላለሁ። እጄን አወጣሁ፤ እጅ ማውጣት እንደምወድ ከስብሰባው ታውቃላችሁ።

«እኔ ነኝ ያነበብኩለት» አልኩ።

ሴትየዋ ዞራ አየችኝ፤ ከእግሬ እስከ ጸጉሬ። አባቴ ሳቀ። የሱቁ ሳቅ አይደለም፤ ከከንፈር የማያልፍ ነው።

«ልጅ ናት» አላት። «እኔ ስሠራ አጠገቤ እየተቀመጠች ታነበንባለች። የሠራች ይመስላታል።»

«በቀይ እስክሪብቶም አርማለሁ» አልኩ።

«ጉርዴ። ወደ ጓዳ።»

«ጣቴን እኮ...»

«ወደ ጓዳ አልኩሽ።»

ላፕቶፑን እቅፌ አድርጌ ሄድኩ። በሩን ገርበብ አድርጌ ጆሮዬን አቆምኩ። ሴትየዋ ወረቀቶቹን ስትሰበስብ ተሰማኝ። ከዚያ «ስምንት ወሯ ነበር» አለች። እቤታችን ስምንት ወር የሞላው ምን ነገር እንዳለ ሳስብ ቆየሁ፤ ምንም አላገኘሁም።

መስመሩን አሁን በቃሌ አውቀዋለሁ። «ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት አይሰጥም አራት ነጥብ።» ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ በትክክል። አንዲት እናት ሽሮፑን ገዝታ፣ መግለጫውን አውጥታ፣ ዘርግታ፣ ሙሉውን አንብባለች። ጠንቃቃ ሴት ነበረች ተብሏል። ሕፃናትን የሚመለከት ክልከላ ብትፈልግ አላገኘችም፤ ለልጇ በማንኪያ ሰጠቻት። ልጅቷ ተኝታ ቀረች።

አባቴ ከሥራ ተባረረ፤ በሙያው ዳግመኛ እንዳይሠራ ተወሰነበት። ስለ ዓይኑ አንድም ቀን አልተናገረም። ቢናገር ይብስ ነበር፤ አያይም ከተባለ ታዲያ ማን አየው የሚል ጥያቄ ይከተላል፣ መልሱም ሶፋው ላይ ተቀምጧል። ለእኔ የተነገረኝ አባዬ ደክሞት ዕረፍት እንደወጣ ነው። ደስ አለኝ። ጉሮሮዬም ያርፋል አልኩ።

ሰዎቹ ወጥተው ሲሄዱ እናቴ ለጠበቃዋ ስለ ዓይኑ ነገረቻት። እኔ ጓዳ ነኝ ተብሎ ነው። ጠበቃዋ መጀመሪያ አልተከራከረችም፤ ይሄ ራሱ አስፈራኝ። ቆይታ «ምክንያት ስጠኝ አልኩት እኮ» አለች። «አንድ ቃል ቢለኝ ከባዱን እሸከመው ነበር። በጀርባዬ እሸከመው ነበር።»

«እሱን እንድትሸከሚ አልፈለገም» አለች እናቴ።

ጠበቃዋ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስትመለስ ላፕቶፑን ጥላው ሄደች። በዓመቱ መጨረሻ ራሷም ተመለሰች፤ ሥራ ያዘች፤ ትምህርቱን ከአራት ዓመት በኋላ በማታ ጨረሰችው። ላፕቶፑ ቤት ቀረ። እኔ የተመኘሁትን አገኘሁ፤ ያን ዓመት ፊልም በፊልም ሆንኩ። አባቴ አጠገቤ ይቀመጣል፣ ጉንጩን ወደ ስክሪኑ ያዞራል። «ማን ነው የገባው?» ይለኛል። «መጥፎው ሰውዬ ነው» እለዋለሁ። «እንዴት አወቅሽ?» ይለኛል።

ባለፈው ወር ሆስፒታል ወረፋ ላይ አንድ ሽማግሌ ስሜን ከነአባቴ ስም ሲጠሩ ሰምቶ ጠጋ አለኝ። ያ ፊደል ለቃሚ ነው፤ መስመሩን የዘለለው። ስለ መስመሩ አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁም። እንደ አሮጌ የሥራ ጓደኛ የአባቴን ጀብዱ ያወራልኝ ጀመር።

«ወረቀት በድምፁ ነበር የሚለየው፣ ታውቂያለሽ?» አለኝ። «ከጀርባው ቆመን ወረቀት እናገላብጣለን። ይሄ የታይፕ ስስ ወረቀት ነው፣ ይሄ የፕሩፍ ነው፣ ይሄ የሽፋን ነው ይለናል። ስንት ጊዜ ሻይ ተወራርደን በልቶናል። አንድም ቀን ስቶ አያውቅም።»

ስሜ እንደገና ተጠራ። አልተነሳሁም።

ረቂቁ በታይፕ ስስ ወረቀት ነበር። ፕሩፉ ወፍራም፣ ሻካራ፣ ሲገለጥ የሚንኮሻኮሽ ነው። ያን ቅዳሜ ፕሩፉን አንዴ ገልጬ መልሼዋለሁ፤ በሁለቱም ንባብ እጄ ውስጥ የተሰማው ግን ስሱ ብቻ ነው። አባቴ «ንጹህ ነው» ከማለቱ በፊት ቆይቶ እንደሆነ፣ ፊቱ ተለውጦ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ። አላስታውስም። ጫማዬን እያየሁ ነበር።

እንግዲህ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ያን ቀን አልሰማም፤ ሐሳቡ ሱቁ ውስጥ፣ ፊደሉ የሚያድግበት ስክሪን ላይ ነበር፤ ከዚያም ለእኔ ሲል ዋሸ። ወይ ሰማ። ሰምቶ፣ እናቴና ጠበቃዋ በር ላይ ቆመው ሱቁ ሊዘጋ ሲል፣ አንድ ቀን ብቻ ልለፈው አለና ፈረመ። በመጀመሪያው ልጅቷን የገደልኳት እኔ ነኝ። በሁለተኛው ሁለታችን ነን። የትኛው እንደሚሻለኝ አላውቅም፤ ማወቅ ግን ፈለግሁ።

ቤት ስደርስ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። አሁን ዳር ዳሩም ጠፍቷል፤ ሰውን ፊት ለፊት ነው የሚያየው፣ ጎረቤቱም ኩራቱ ለቀቀው ይላል። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ ያን ቅዳሜ ፕሩፉን አላነበብኩልህም» አልኩት። በሃያ ሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። «ረቂቁን ነው ሁለት ጊዜ ያነበብኩልህ።»

«አውቃለሁ» አለ።

እንዲህ በቶሎ ይላል ብዬ አልጠበቅሁም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

እጁ ጉልበቱ ላይ ነው።

«ፊደል ለቃሚውን አግኝቼዋለሁ። ወረቀት በድምፁ ትለይ እንደነበር ነገረኝ። ስትፈርም ታውቅ ነበር?»

«የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅሁህ። ታውቅ ነበር ወይ? ካወቅህ ለምን ቆይ አላልከኝም?»

ፊቱን ወደ እኔ አዞረ፤ ልክ እኔ ባለሁበት ላይ፣ ዓይኔ ላይ።

«ሦስት ሰዎች እዚሁ ክፍል ተቀምጠው ጠየቁኝ፣ አላብራራሁላቸውም» አለኝ። «እናትሽ እስክትሞት ጠየቀችኝ፣ አላብራራሁላትም። ላንቺም አላብራራም።»